ድምፅህን አውሰኝ

ሉዊስ ሙኞስ ማሪን የተወለደው ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1898 ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው የፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ ሳን ሁዋን፣ ፎርታሌሳ የሚባለው መንገድ ነው። መንገዱ ስሙን የወሰደው ጫፉ ላይ ካለው የገዢው ቤተ መንግሥት ነው። ከተወለደበት ቤት ተነስቶ ቤተ መንግሥቱ በር ለመድረስ በእግር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሙኞስ በዚያ በር ገዢ ሆኖ የገባው በ50 ዓመቱ ነው። ከእሱ በፊት በሕዝብ ተመርጦ የገባ አልነበረም።

*

እሱ ሲወለድ ደሴቲቱ በስፔን ሥር ሆና የራሷን አስተዳደር ካቋቋመች ሳምንት ቢሆናት ነው። አባቱ ሉዊስ ሙኞስ ሪቬራ ለዚህ መብት ዓመታት የደከመ ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ ነበር። በአዲሱ ካቢኔ ሚኒስትር ሆነ። ልጁ አምስት ወር እንዳለፈው፣ ጁላይ 25፣ የአሜሪካ ጦር በደቡብ ጠረፍ በጓኒካ በኩል ወረደ። ያ ሁሉ የአባት ድካም ወራት ብቻ ቆየ።

ጁላይ 25ን አንባቢ ይያዝልኝ።

*

አባትየው ከ1911 እስከ 1916 ዋሽንግተን ውስጥ በተወካዮች ምክር ቤት የፖርቶ ሪኮ ተወካይ ሆኖ ተቀመጠ። መናገር ይፈቀድለታል። ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ መስጠት አይፈቀድለትም። ወንበሩ ዛሬም አለ። ዛሬም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አይሰጥም።

*

ኮንግረስ ለፖርቶ ሪኮ ሰዎች የአሜሪካ ዜግነት የሰጠው በማርች 1917 ነው። በማግስቱ ወር አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገባች። አዲሶቹ ዜጎች ለውትድርና ተመለመሉ። ፕሬዚዳንት ግን አይመርጡም፤ ደሴቲቱ ላይ እስከኖሩ ድረስ ዛሬም አይመርጡም።

*

ወጣቱ ሙኞስ ገጣሚ መሆን ነበር የሚፈልገው። ኒው ዮርክ ኖረ። በእንግሊዝኛ ለታወቁ መጽሔቶች ጻፈ። በ1919 ከሚሲሲፒ የመጣች ሙና ሊ የምትባል ገጣሚ አገባ። ኤድዊን ማርካም መቆፈሪያውን ተደግፎ ስለቆመ ገበሬ የጻፈውን ዝነኛ ግጥም ወደ ስፓኒሽ መለሰ። በ1932 ሴናተር ሆኖ ሲመረጥ የተመረጠበት ፓርቲ ፕሮግራም የአገር ነፃነትን ይጠይቅ ነበር። እሱም ያምንበት ነበር።

ገበሬውን በግጥም ካወቀው ከዓመታት በኋላ ነው በደጁ ሄዶ የተቀመጠው።

*

ሜይ 1 ቀን 1900 ኮንግረስ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። በፖርቶ ሪኮ አንድ የእርሻ ኩባንያ ከ500 ኤከር በላይ መሬት እንዳይዝ ይከለክላል። መቀጫ አልተጻፈበትም። አስፈጻሚም አልተሾመለትም። ውሳኔው አርባ ዓመት ተቀመጠ። በነዚያ አርባ ዓመታት በአሥር ሺዎች ኤከር የሚለካ የሸንኮራ መሬት የያዙ ኩባንያዎች ነበሩ።

ሸንኮራ ቆራጩ ሥራ የሚያገኘው የዓመቱን ግማሽ ያህል ነው። የቀሩትን ወራት በአገሩ ቋንቋ “የሞተው ጊዜ” ይላቸዋል።

*

በ1937 ሙኞስ ከነበረበት ፓርቲ ተባረረ። በጁላይ 1938 የራሱን መሠረተ፤ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ። ማንበብ ለማይችል መራጭ ምልክት ያስፈልጋል። ምልክቱ ከጎኑ የሚታይ የገበሬ ፊት ሆነ፤ ራሱ ላይ “ፓቫ” የሚሉት ጠርዙ የተንዠረገገ የገለባ ባርኔጣ አለ። ከሥሩ ሦስት ቃላት፤ ዳቦ፣ መሬት፣ ነፃነት።

በስፓኒሽ፣ ሰው የሚኖረው ነፃነትና አገር የሚኖራት ነፃነት ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአማርኛ አንድ ናቸው። ሙኞስ ከምልክቱ ሥር ያስጻፈው የመጀመሪያውን ነው።

*

በዚያ ዘመን በምርጫ ሰሞን የአንድ ሂባሮ ድምፅ ሁለት ዶላር ያወጣ ነበር። ሂባሮ ማለት የተራራው ገበሬ ነው። አብዛኛው ጭሰኛ ነው። ጎጆው የቆመችው በባለመሬቱ መሬት ላይ ነው፤ ባለመሬቱ ያላዘዘውን ከመረጠ ከነቤተሰቡ ይነቀላል። ሁለት ዶላር ደግሞ የቀናት ደሞዝ ነው። ለልጆች ጫማ ይሆናል። የሞተው ጊዜ ሲመጣ ሩዝና ባቄላ ይሆናል።

ሙኞስ ተራራ ለተራራ ዞረ። መኪና የማይገባበት በፈረስና በእግር ገባ። የሚለው አጭር ነበር። ፍትሕ ይሻልሃል ወይስ ሁለቱ ዶላር? ሁለቱንም አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። ድምፅህን አትሽጥ። ለእኔም አትስጠኝ። አውሰኝ። ቃሌን ካላከበርኩ በሚቀጥለው ምርጫ መልሰህ ውሰደው።

የዚህን ሰው ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የምመለሰው ወደዚህች ቃል ነው። የሸጠ ሰው ነገሩ ከእጁ ወጥቷል። የሰጠም እንዲሁ። ያዋሰ ግን ባለቤት ነው። ከእግሩ በታች ያለው አፈር እንኳ የእሱ ያልሆነ ሰው፣ አንድ የሚያውሰው ነገር እንዳለው የነገረው የመጀመሪያው ፖለቲከኛ ሙኞስ ይመስለኛል። ይህን ከልቤ አከብረዋለሁ።

*

የፓርቲው ሌላ መፈክር “ቬርጉዌንሳ ኮንትራ ዲኔሮ” ይላል። ዲኔሮ ገንዘብ ነው። ቬርጉዌንሳ ሀፍረት ነው፣ ክብር ነው፣ ሰው ምን ይለኛል ማለት ነው። በአማርኛ ይሉኝታ ብል ከሁሉም ይቀርበዋል። ይሉኝታን በገንዘብ አንጻር ያቆመ መፈክር በሌላ አገር ሰምቼ አላውቅም።

*

በ1940 ሙኞስ ዕጩዎቹን በሕዝብ ፊት አስማለ። ስንመረጥ ለእነዚህ ሕጎች ድምፅ እንሰጣለን ብለው እጃቸውን አነሱ። የሕጎቹ ረቂቅ ቀድሞ ለሕዝብ ተነግሮ ነበር። የአገሪቱ ሁኔታስ? ነፃ አገር ትሁን፣ የአሜሪካ ግዛት ትሁን የሚለው ጥያቄስ? ሙኞስ የመለሰው ይህ ምርጫ ያንን አይወስንም ብሎ ነው። ጥያቄው ይቆይ። መጀመሪያ ዳቦ።

ከ19 የሴኔት ወንበሮች 10ሩን አገኘ። የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆነ።

በ1944 ከ19ኙ 17ቱን አገኘ። ጥያቄው እንደተቀመጠ ነበር።

*

የመሬት ሕጉ በ1941 ወጣ። አርባ ዓመት የተቀመጠችው የ500 ኤከር ውሳኔ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ተቋቋመላት። ጭሰኛው ጎጆ መሥሪያ ቁራሽ መሬት እንዲያገኝ ተደነገገ። መጠኑ ከሩብ ኩዌርዳ እስከ ሦስት ኩዌርዳ ነው፤ አንድ ኩዌርዳ ከአንድ ኤከር ትንሽ ያንሳል። ክፍፍሉ በዕጣ ነበር። ስሙ የተጠራ ሰው ወጥቶ ቁጥሩን ይወስዳል። ከቁጥሩ ጋር በመስመር የተከለለ ቁራሽ አለ። አንዳንዱ ጎጆውን ከጌታው መሬት ነቅሎ እዚያ ተከላት። ሙዝ፣ ጥቂት ቡና፣ አንድ ሁለት ዶሮ። ትንሽ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ምርጫ ሲመጣ ማንም ከቤቱ ሊነቅለው አይችልም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች እንዲህ ያለ ቁራሽ አገኙ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመጠቀም መብት ነው። ያኔ ቁራሹን ለልጆቹ ማውረስ ይችል ነበር፤ መሸጥ ግን አይችልም ነበር። የመሬቱ ባለቤት መንግሥት ነበር።

*

እስከ 1948 ምርጫ ድረስ ገዢውን የሚሾመው ዋሽንግተን ነበር። ከ1941 ጀምሮ በቤተ መንግሥቱ፣ በላ ፎርታሌሳ፣ የተቀመጠው ሬክስፎርድ ታግዌል ነበር፤ ደህና ሰው፣ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አማካሪ የነበረ። ሕዝብ የመረጠው ሙኞስ የተቀመጠው ሴኔት ውስጥ ነው። ሥልጣን ሁለት ቤት ነበራት።

በ1946 ፕሬዚዳንት ትሩማን ሄሱስ ፒኜሮን ሾመ፤ የመጀመሪያው ፖርቶ ሪኳዊ ገዢ። በ1947 ኮንግረስ ሕዝቡ ገዢውን እንዲመርጥ ፈቀደ። ኖቬምበር 2 ቀን 1948 ሙኞስ በ61 ከመቶ ድምፅ ተመረጠ።

አሜሪካ ከወረደች ሃምሳ ዓመት ሆኗት ነበር።

*

ከዚያ ምርጫ አምስት ወር በፊት፣ ጁን 10 ቀን 1948፣ ሕግ ቁጥር 53 ጸደቀ። የደሴቲቱን መንግሥት በኃይል ስለመጣል መናገር፣ መጻፍ፣ መሰብሰብ እስከ አሥር ዓመት እስራት ያስቀጣል። ሕዝቡ “የአፍ ልጓም” አለው። ያጸደቀው የሙኞስ ፓርቲ የሚመራው ምክር ቤት ነው። በሙኞስ የአገዛዝ ዘመን ሰዎች ለንግግራቸው፣ ለግጥማቸው፣ ቤታቸው ለሰቀሉት ባንዲራ በዚሁ ሕግ ተጠየቁ።

ሙኞስ ገጣሚ ነበር። ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። የአባቱም ሙያ ይኸው ነበር። ይህን ሕግ ማለፍ አልችልም፤ በየትኛውም ጎን ባዞረው አይዋጥልኝም።

ሕጉ የተሻረው በ1957 ነው።

*

የባንዲራው ነገር ለብቻው ይጻፍ።

ባንዲራው አምስት ቀይና ነጭ መስመር፣ ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ አንድ ነጭ ኮከብ አለው። በ1895 ኒው ዮርክ የተሰበሰቡ፣ ደሴቲቱን ከስፔን ለማላቀቅ የሚታገሉ አብዮተኞች ያወጡት ነው። ከ1948 በኋላ ይህን ባንዲራ የሰቀለ ሰው በሕግ ቁጥር 53 ይጠረጠራል፤ ፖሊስ ቤቱ ይመጣል።

ጁላይ 25 ቀን 1952 የደሴቲቱ አዲስ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ ቀን ሳን ሁዋን ውስጥ ያንኑ ባንዲራ በገመድ እየሳበ ከአሜሪካ ባንዲራ ጎን የሰቀለው ገዢው ራሱ ነው። ፎቶግራፉ አለ። በዚያው ቀን ባንዲራውን ቀድመው የሰቀሉ ሰዎች እስር ቤት ነበሩ።

ቀኑ የተመረጠ ቀን ነው። የአሜሪካ ጦር ጓኒካ የወረደበት ቀን ነው።

*

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1950፣ የደሴቲቱን ነፃነት የሚሹት ብሔርተኞች ተነሱ። ተራራ ላይ ባለችው በሃዩያ ከተማ ብላንካ ካናሌስ የምትባል ሴት ባንዲራውን ሰቅላ ሪፐብሊክ አወጀች። ሳን ሁዋን ውስጥ አምስት ሰዎች በመኪና መጥተው በላ ፎርታሌሳ ላይ ተኩስ ከፈቱ። ገዢው ውስጥ ነበር። አራቱ እዚያው ግቢው ውስጥ ሞቱ። የደሴቲቱ ብሔራዊ ዘብ አውሮፕላኖች ሃዩያን ደበደቡ።

ሃዩያ የሂባሮ አገር ነች። በእግርና በፈረስ የተኬደላት ዓይነት አገር።

ሁለት ቀን ቆይቶ ሁለት ብሔርተኞች ዋሽንግተን ውስጥ ፕሬዚዳንት ትሩማንን ለመግደል ሞከሩ። በደሴቲቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታሰሩ። ብዙዎቹ ጠመንጃ ነክተው አያውቁም።

*

የብሔርተኞቹ መሪ ፔድሮ አልቢሱ ካምፖስ በሃርቫርድ ሕግ የተማረ ሰው ነው። በ1950 ታሰረ። በ1953 ሙኞስ ይቅርታ አደረገለት። በማርች 1954 አራት ብሔርተኞች በአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ተኩሰው አምስት እንደራሴዎች አቆሰሉ። ሙኞስ ይቅርታውን ሰርዞ መልሶ አሰረው። በኖቬምበር 1964 ሥልጣን ሊለቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሁለተኛ ይቅርታ አደረገለት። አልቢሱ ታሞ ነበር። አምስት ወር ኖሮ በኤፕሪል 1965 ሞተ።

ሁለቱ ሰዎች የተለያዩት በአንዲት ጥያቄ ነው። አንዱ ጥያቄዋ ትቆይ አለ። ሌላው አንድ ቀን አትቆይም አለ።

*

ሕገ መንግሥቱን የደሴቲቱ ሰዎች ጻፉት። በማርች 1952 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው። ከዚያ ወደ ኮንግረስ ሄደ። ኮንግረስ አንድ ክፍል አውጥቶ መለሰው፤ በመብቶች ምዕራፍ ውስጥ 20ኛውን። ክፍሉ የሚለው ሰው ሁሉ ሥራ የማግኘት፣ የሚበቃ ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያና ሕክምና የማግኘት መብት አለው ነው።

ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው ሰነድ ነው። ያወጡት ሰዎች የደሴቲቱ መራጭ የማይመርጣቸው ናቸው። ሙኞስ ተቀበለ።

*

አዲሱ አስተዳደር በስፓኒሽ “ነፃ ተጓዳኝ መንግሥት” ይባላል። በእንግሊዝኛ “ኮመንዌልዝ” ይባላል። አንዱ የሌላው ትርጉም አይደለም። ሳን ሁዋን ውስጥ የሚነበበው ስም “ነፃ” የሚል ቃል አለው። ዋሽንግተን ውስጥ የሚነበበው የለውም።

ሕጉ ሲረቀቅ ሙኞስ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ነበር። ነገሩ ከተበላሸ ኮንግረስ ሁልጊዜም ሌላ ሕግ ማውጣት ይችላል ብሎ አረጋጋቸው። ለአገሩ ሰዎች ሲናገር ደግሞ ሁለት ወገኖች በስምምነት የገቡበት ውል ነው ይል ነበር።

*

ኖቬምበር 27 ቀን 1953 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፖርቶ ሪኮ ራሷን ማስተዳደር ጀምራለች፣ ከእንግዲህ አሜሪካ ስለ እሷ ሪፖርት ማቅረብ አያስፈልጋትም ብሎ ወሰነ። 26 ደገፉ፣ 16 ተቃወሙ፣ 18 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የደገፉት ከጠቅላላው ግማሽ አይሞሉም።

ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ያው ጉባኤ በዲሴምበር 1950 ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር እንድትሆን ወስኖ ነበር። ፌዴሬሽኑ በሴፕቴምበር 1952 ሥራ ላይ ዋለ፤ ሙኞስ ባንዲራውን ከሰቀለ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ራስ ገዝ የሚለው ቃል በሁለቱም ሰነዶች አየር ውስጥ ነበረ። የእኛው ፌዴሬሽን በኖቬምበር 1962 ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናውቀዋለን። የፖርቶ ሪኮው ዛሬም አለ።

በዚያው ሰሞን ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ነበር። የፖርቶ ሪኮ ልጆች 65ኛ እግረኛ ሬጅመንትም ኮሪያ ነበር።

*

የልማት ዘመቻው ስም በስፓኒሽ “እጃችንን ወደ ሥራ” ማለት ነው። የመራው ቴዎዶሮ ሞስኮሶ የሚባል ፋርማሲ ያስተዳድር የነበረ ሰው ነው። በ1947 የወጣው ሕግ ፋብሪካ የሚተክል ኩባንያን ከግብር ነፃ አደረገ። ፋብሪካዎቹ መጡ። ጡት መያዣ፣ ጓንት፣ ጫማ፣ በኋላም መድኃኒትና ኤሌክትሪክ ዕቃ።

የተገኘውን መካድ አይገባም። በ1940 የደሴቲቱ ሰው አማካይ ዕድሜ 46 ነበር። በ1960 ወደ 70 ተጠጋ። ንጹሕ ውኃ ገባ፣ መብራት ገባ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ርቀት የሄደ አገር ጥቂት ነው። እናቶች ልጆቻቸውን መቅበር ያቆሙበት ዘመን ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ የፋብሪካ ገቢ ከእርሻ ገቢ በለጠ። በዚያው አሥር ዓመት በሥራ ላይ ያለው ሰው ጠቅላላ ቁጥር ቀነሰ። እርሻ የለቀቀውን ሁሉ ፋብሪካው አልያዘውም።

ፓርቲው በየአራት ዓመቱ ያሸነፈው በባርኔጣው ምልክት ነው። ባርኔጣውን የሚያደርገው ሰው በየአራት ዓመቱ እየቀነሰ ሄደ።

*

ስለ ስደት የመንግሥቱ ፖሊሲ በ1947 ተጽፏል። መንግሥት ስደትን አያበረታታም፣ አይከለክልምም። ይህን ያለው መንግሥት በኒው ዮርክ የስደተኛ ቢሮ ከፈተ። ሥራ የሚያፈላልግ፣ ወረቀት የሚሞላ፣ እንግሊዝኛ ለማይችለው የሚያስረዳ። ጥሩ ሥራ ሠርቷል። በ1950ዎቹ ብቻ ከ4 መቶ ሺህ በላይ ሰው ደሴቲቱን ለቀቀ። በ1950 የደሴቲቱ ጠቅላላ ሕዝብ 2 ሚሊዮን 2 መቶ ሺህ ገደማ ነበር።

ለመራጩ መሬት ልሰጥህ ድምፅህን አውሰኝ ያለው ሰው በገዛበት ዘመን ነው። ቁራሹን የተቀበለው አባት ቀረ። ልጁ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ገባ።

*

በ1949 የደሴቲቱ ትምህርት ቤቶች በሁሉም ክፍሎች በስፓኒሽ ማስተማር ጀመሩ። እስከዚያ ድረስ አሜሪካኖቹ እንግሊዝኛን ለማስተማሪያነት በተለያየ መልክ ሲጭኑ ኖረዋል። አንድ ሂባሮ ልጁን ተማሪ ቤት ይልካል፤ ልጁ የሚማርበትን ቋንቋ መምህሩም በቅጡ አይችለውም።

የገዢው ሁለተኛ ሚስት ኢኔስ ሜንዶሳ መምህርት ነበረች። በ1930ዎቹ ልጆች በእናታቸው ቋንቋ ይማሩ ብላ በግልጽ በመናገሯ ሥራዋን ያጣች መምህርት ናት። ከሙኞስ ሥራዎች ሁሉ ያለማመንታት የምወድለት ይህን ነው።

*

ፋብሪካው በዝቶ ሱቁ ሲሞላ ሙኞስ ሰጋ። ሰው ማቀዝቀዣ ገዝቶ ሌላውን እንዳይረሳ ብሎ ሌላ ዘመቻ አወጀ፤ “ዘመቻ መረጋጋት”። ለገጠሩ ሕዝብ ፊልም ተሠራ፣ መጽሐፍ ታተመ፣ ፖስተር ተሣለ። በ1957 የፓብሎ ካዛልስ የሙዚቃ በዓል ተጀመረ። ካዛልስ ከስፔኑ አምባገነን ከፍራንኮ የሸሸ ታላቅ የቼሎ ተጫዋች ነው፤ እናቱ ማያግዌስ የተወለደች ፖርቶ ሪኳዊት ናት።

ኖቬምበር 13 ቀን 1961 ካዛልስ በዋይት ሐውስ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተጫወተ። ቀረጻው በዓለም የታወቀ ነው። ራቱ የተዘጋጀው ለሙኞስ ክብር ነበር። ቀረጻውን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ለማን ክብር እንደሆነ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

*

በኦክቶበር 1960 የደሴቲቱ ካቶሊክ ጳጳሳት ምእመናን የሙኞስን ፓርቲ እንዳይመርጡ ከለከሉ። ዋና ምክንያታቸው መንግሥት የወሊድ መቆጣጠሪያን መፍቀዱና ሃይማኖት በትምህርት ቤት እንዲሰጥ አለማድረጉ ነው። ደብዳቤው በየቤተ ክርስቲያኑ ተነበበ። ሕዝቡ ካቶሊክ ነው። ቅዳሴውን አስቀደሰ። ኖቬምበር ላይ ወጥቶ 58 ከመቶውን ድምፅ ለሙኞስ ሰጠ።

ሁለት ዶላሩን እንቢ ያለ ሰው ጳጳሱንም እንቢ አለ።

*

በኦገስት 1964 ፓርቲው ማያግዌስ ተሰበሰበ። ሙኞስ አራት ጊዜ ተመርጧል። አምስተኛው ዘመን በእጁ ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ አልወዳደርም አለ። ሕዝቡ ጮኸ። ሌላ አራት ዓመት፣ ሌላ አራት ዓመት። ደጋግሞ እንቢ አለ። የሚያለቅሱ ነበሩ። ሮቤርቶ ሳንቼስ ቪሌያን በእጁ ይዞ ተተኪዬ ይህ ነው አለ።

በዚያ ዘመን በጎረቤት አገሮች ሥልጣን እንዴት እንደሚለቀቅ ታይቷል። የዶሚኒካን ሪፐብሊኩ ትሩሂዮ 31 ዓመት ገዝቶ የወጣው በጥይት ነው። የሄይቲው ዱቫልዬ በዚሁ በ1964 የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ነኝ ብሎ አውጇል። ሙኞስ ሕዝብ እየለመነው ተወ። ያዋሱትን መለሰ።

ተተኪውን ግን የመረጠው እሱ ነው። በ1968 ከዚሁ ተተኪ ጋር ተጣሉ፣ ፓርቲው ለሁለት ተከፈለ፣ ደሴቲቱ የአሜሪካ 51ኛ ግዛት ትሁን የሚሉት አሸነፉ።

*

የፖሊስ የደህንነት ክፍል የአገር ነፃነት የሚፈልጉ ሰዎችን መዝገብ ለዓመታት ሲይዝ ኖሯል። ጎረቤት ስለ ጎረቤት፣ ተማሪ ስለ መምህሩ ነግሯል። ማን ምን ጋዜጣ ያነባል፣ ማን ለቀብር ሄደ፣ የማን መኪና የት ቆማ አደረች። ይህ ነገር በይፋ የተጋለጠው በ1987 ነው። በኋላ ፋይሉ ለባለቤቱ ተመለሰ። ሰዎች ተሰልፈው የራሳቸውን ሕይወት በሌላ ሰው ጽሑፍ ተቀበሉ።

የአሜሪካ ፌደራል ፖሊስ ስለ ሙኞስም ፋይል ነበረው።

*

ጁን 9 ቀን 2016 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ የወንጀል ጉዳይ ላይ ፈረደ። የፖርቶ ሪኮ መንግሥት የመክሰስ ሥልጣን ምንጩ ኮንግረስ ነው አለ። በዚያው ወር መጨረሻ፣ ደሴቲቱ ዕዳዋን መክፈል ስላቃታት፣ ኮንግረስ በጀቷን የሚቆጣጠር ቦርድ የሚያቋቁም ሕግ አወጣ። የቦርዱን አባላት የደሴቲቱ ሕዝብ አይመርጣቸውም።

ሙኞስ ኮንግረስ ሁልጊዜም ሌላ ሕግ ማውጣት ይችላል ያለው በ1950 ነበር።

*

የተቀመጠችው ጥያቄ ለሕዝብ የቀረበችው በ1967፣ በ1993፣ በ1998፣ በ2012፣ በ2017፣ በ2020 እና በ2024 ነው። ሰባት ጊዜ። የሕዝቡ መልስ ኮንግረስን አያስገድድም።

*

ሙኞስ ኤፕሪል 30 ቀን 1980 ሞተ። አስከሬኑ ከሳን ሁዋን ተነስቶ አባቱ ወደተቀበረበት ባራንኪታስ ተጓዘ። ባራንኪታስ ተራራ ላይ ነች። በመኪና ረጅም መንገድ አይደለም። የዚያን ዕለት ግን ረጅም ሰዓታት ወሰደ። በየመንገዱ ዳር ሰው ቆሞ ነበር። ሽማግሌዎቹ በ1940 ድምፃቸውን ያዋሱት ናቸው።

*

በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን መታች። መብራት ለወራት ጠፋ። በቀጣዮቹ ወራት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ወጣ። አብዛኛው የወጣው ሳን ሁዋን ባለው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከ1985 ጀምሮ ስሙ ሉዊስ ሙኞስ ማሪን ነው። አውሮፕላኑ በዋናው የአሜሪካ ምድር፣ ኦርላንዶ ያርፋል። ተሳፋሪው ሻንጣውን ይወስዳል፣ ቤት ይከራያል፣ በአካባቢው ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። በኖቬምበር፣ በዚያው ዜግነቱ፣ ሕይወቱ ሙሉ ያልነበረውን የፕሬዚዳንት ድምፅ ይሰጣል።